ደም አየሁ፣ ፕሮጄስትሮን ታዘዘልኝ፤ ልውሰደው ወይስ ልተወው?

ጥያቄው፦ «ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው የምኖረው። 29 ዓመቴ ነው። የመጨረሻ የወር አበባዬ ከመጣ ሰባት ሳምንት ሆኖኛል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዶኛል፤ ሁለቱም ሦስት ወር ሳይሞላቸው። አሁን ደግሞ ከሰሞኑ ቡናማ ደም ጠብ ጠብ ይላል። አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ በሽንት እርጉዝ መሆኔን አረጋገጡና ፕሮጄስትሮን 200 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ በማህፀን በኩል አስገቢ አሉኝ። አልትራሳውንድ አልታየሁም። አማቴ ሆርሞን ልጁን ያበላሻል፣ ዝም ብለሽ ተኚ ትለኛለች። የባለቤቴ እህት ደግሞ አዲስ አበባ ስትከታተል ምንም ሳይደማት ሰጥተዋት በሰላም ወልዳለች፤ ሳትወስጂ እንዳታድሪ ትለኛለች። መድኃኒቱ ውድ ነው። ልውሰደው? ከጀመርኩ በኋላ ባቋርጠው ይወርድብኛል? እስከ መቼስ ነው የምወስደው?»

እህቴ፣ በቅድሚያ አይዞሽ። ሁለቴ የደረሰባት ሴት ሦስተኛው ላይ ደም ስታይ እንቅልፍ እንደማይወስዳት አውቃለሁ። ሽንት ቤት በገባች ቁጥር መጀመሪያ የምታየው ፓንቷን ነው። ስለዚህ ዋናውን መልስ አላቆይብሽም። ይህ መድኃኒት በትክክል እንዳንቺ ላለች ሴት የሚታዘዝ ነው። ከዚህ በፊት ወርዶብሻል፣ አሁን ደግሞ ደም እያየሽ ነው፤ ሁለቱም አንድ ላይ ሲገኙ ፕሮጄስትሮን ይጠቅማል። ነገር ግን ከእሱ መቅደም የነበረበት አንድ ነገር ቀርቷል፤ አልትራሳውንድ። ነገ ጠዋት ሂጂና ታዪ። መድኃኒቱን ዛሬ ማታ ብትጀምሪው ጉዳት የለውም፤ አልትራሳውንዱን ግን አይተካም።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨቀጭቅሽ ልንገርሽ። የሽንት ምርመራ እርጉዝ መሆንሽን እንጂ ፅንሱ የት እንዳለ አይነግርም። ፅንስ አንዳንዴ ማህፀን ውስጥ ሳይደርስ ወደ ማህፀን በሚወስደው ቀጭን ቱቦ ላይ ይቀራል። እሱም የሚጀምረው ልክ እንዳንቺው በጠብታ ደም ነው። ቱቦው የሚፈነዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ አሁን አንቺ ባለሽበት ሳምንት አካባቢ ነው። ያኔ ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጭ ብዙም ላይታይ ይችላል። ፕሮጄስትሮን ለዚህ ምንም አይፈይድም። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ» ብላ ቤቷ የምትጠብቅ ሴት ከመድኃኒቱ ሳይሆን ከመጠበቋ ትጎዳለች። በአንድ ወገን ሆድሽን አጥብቆ ከወጋሽ፣ የትከሻሽ ጫፍ ላይ ሕመም ከተሰማሽ፣ ካዞረሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽ ነገን አትጠብቂ። በሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርተሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ፅንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑ ከታየ ሁለተኛው ጥያቄ የልብ ምት ነው። በሰባት ሳምንት ፅንሱ አንድ ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። በሆድ በኩል ጥርት ብሎ ላይታይ ስለሚችል በማህፀን በኩል ቢታይ ይሻላል። ይሄኛው ፅንሱን አይነካም፣ ደሙንም አያባብስም፤ አትፍሪው። የልብ ምት ከታየ ትልቅ ነገር ነው፤ የመቀጠል ዕድሉ በጣም ይጨምራል። ካልታየም ወዲያው ተስፋ አትቁረጪ። የፅንሱ ርዝመት 7 ሚሊሜትር ሳይሞላ የልብ ምት ስላልታየ ብቻ እርግዝናው አልቀጠለም ብሎ መደምደም አይቻልም። ቀን ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ የወር አበባዋ አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ የሚመጣባት ሴት ላይ ይህ በየጊዜው ያጋጥማል። ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በኋላ ተደግሞ ይታያል። 7 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ የልብ ምት ከሌለ እንኳ ሁለተኛ ባለሙያ አይቶ ቢያረጋግጠው ጥሩ ነው፤ ይህን መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ማንም አይቀየምሽም። አልትራሳውንድ ለማየት ከጅማ መውጣት አያስፈልግሽም። ዩኒቨርሲቲው ሜዲካል ሴንተርም ሸነን ጊቤ ሆስፒታልም ቅርብሽ ናቸው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ፕሮጄስትሮን ባዕድ ነገር አይደለም፤ ሰውነትሽ ራሱ የሚሠራው ሆርሞን ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ እንቁላሉ የወጣበት ቦታ ወደ ትንሽ ቢጫ እጢ ይለወጥና ፕሮጄስትሮን ማምረት ይጀምራል። ሆርሞኑ የማህፀኑን ውስጠኛ ግድግዳ ያለሰልሳል፣ ያወፍራል፣ የማህፀኑን ጡንቻ ጸጥ ያደርጋል። የእናትየው ሰውነት ፅንሱን እንደ ባዕድ እንዳይገፋውም ያግዛል። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሳምንት ባለው ጊዜ ሥራውን ቀስ በቀስ የእንግዴ ልጁ ይረከበዋል። ይህ እንዴት ታወቀ ካልሽ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አርፓድ ቻፖ የተባለ ሐኪም ከሰባተኛው ሳምንት በፊት ያ ቢጫ እጢ ሲወጣ እርግዝናው እንደሚወርድ፣ ፕሮጄስትሮን ከውጭ ሲሰጥ ግን እንደሚቆይ አሳየ። ከሰባተኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ እጢው ቢወጣም እርግዝናው ቀጠለ።

ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሐኪም ለዓመታት «እንግዲያው የሚወርድባት ሁሉ ትውሰድ» ሲል ኖረ። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። በ2015 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። ምክንያቱ ሳይታወቅ በተደጋጋሚ የወረደባቸው 836 ሴቶች ገና ማርገዛቸው እንደታወቀ፣ ደም ሳያዩ፣ ግማሾቹ ፕሮጄስትሮን ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ፍሬ ተሰጣቸው። ፕሮጄስትሮን ከወሰዱት 65.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 63.3 በመቶ በሕይወት ያለ ልጅ ወለዱ። ይህ ልዩነት መድኃኒቱ ሠራ ለማለት አይበቃም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው ቀጣይ ጥናት ግን የአንቺን ጉዳይ ይመለከታል። በእንግሊዝ አገር 4,153 ሴቶች ነበሩበት። ሁሉም በእርግዝናቸው መጀመሪያ ደም ያዩ ናቸው። በጥቅሉ ሲታይ ፕሮጄስትሮን ከወሰዱት 75 በመቶ፣ ካልወሰዱት 72 በመቶ በሕይወት ያለ ልጅ ወለዱ፤ አሁንም ጠባብ ልዩነት ነው። ሴቶቹ ቀድሞ ወርዶባቸው ያውቃል ወይ ተብለው ሲለዩ ግን ነገሩ ጠራ። ከዚህ በፊት ምንም ያልወረደባቸው ላይ ጥቅም አልታየም። አንድና ከዚያ በላይ የወረደባቸው ላይ 75 በመቶ ለ70 በመቶ ሆነ። ሦስትና ከዚያ በላይ የወረደባቸው ላይ ደግሞ 72 በመቶ ለ57 በመቶ። የወረደባት ቁጥር በጨመረ መጠን ጥቅሙም ጨመረ ማለት ነው። በዚህ የተነሳ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. ደም ላየች፣ ቢያንስ አንዴ ለወረደባትና ፅንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑ ለተረጋገጠ ሴት ይሰጣት አለ። ሦስቱም ነገሮች አብረው መገኘት አለባቸው። አንቺ ሁለቱን አሟልተሻል። የቀረሽ ሦስተኛው ነው፤ እሱንም የሚነግርሽ አልትራሳውንዱ ነው።

እንግዲህ የባለቤትሽ እህትም አማትሽም በየበኩላቸው ለአንቺ አስበው ነው የተናገሩት። ግን ሁለቱም ነገሩን በግማሹ ነው የያዙት። የባለቤትሽ እህት ምናልባት በላቦራቶሪ እርዳታ አርግዛ ይሆናል፤ እንደዚያ ላረገዘች ሴት ይህ ሆርሞን የግድ የሚሰጥበት ምክንያት አለ። ምናልባት በአራተኛ ወይም በአምስተኛ ወሯ የማህፀን በሯ አጥሮ ተገኝቶ ይሆናል፤ ያኔም ያለ ጊዜ ምጥ እንዳይመጣ ይታዘዛል። ወይም ያለ በቂ ምክንያት ተሰጥቷት ይሆናል፤ ይህም የሚሆን ነገር ነው። ወስዳ ወለደች ማለት ስለወሰደች ወለደች ማለት አይደለም። ያላስፈለጋት ሴት ገንዘቧን እንጂ ልጇን አላተረፈችበትም።

የአማትሽ ፍርሃትም ከመሬት የተነሳ አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት ሌላ ዓይነት ሰው ሠራሽ ሆርሞን፣ ዳይኢትልስቲልቤስትሮል የሚባል፣ ፅንስ ያጸናል ተብሎ ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ ነበር። በኋላ በማህፀን ሳሉ ያገኛቸው ሴት ልጆች ላይ የካንሰር አደጋ ማምጣቱ ስለታወቀ በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለነፍሰ ጡር እንዳይታዘዝ አስጠነቀቀች። እሱ ግን የኤስትሮጅን ዘር ነው፣ ፕሮጄስትሮን አይደለም። አንቺ የታዘዘልሽ ሰውነትሽ ከሚሠራው ጋር አንድ ነው። በጠቀስኩልሽ የ4,153 ሴቶች ጥናት ከወሰዱትና ካልወሰዱት እናቶች በተወለዱት ሕፃናት መካከል የአፈጣጠር ጉድለት ልዩነት አልታየም። የልጁን ጾታም አይቀይርም፤ ጾታው ከፅንሰቱ ጀምሮ ያለቀ ነገር ነው። ይህን ለአማትሽ ረጋ ብለሽ ንገሪያቸው።

«ዝም ብለሽ ተኚ» የሚለውን ግን አልቀበልም። አልጋ ላይ መዋል ፅንስን ከመውረድ እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ይልቁንም ብዙ መተኛት በእግር ላይ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ ሐሳብንም ያበዛል። ቤትሽን ያዢ፣ ሥራሽን ሥሪ፣ ከባድ ነገር ማንሳቱን ለሌላ ሰው ተዪ። ደሙ እስኪቆም ከባለቤትሽ ጋር ግንኙነቱን ብታቆዩት ደስ ይለኛል። ያለፉት ሁለቱ የወረዱት ባጃጁ ስላንገጫገጨሽ፣ ውኃ ስለቀዳሽ ወይም ስለተናደድሽ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚወርዱት ግማሽ ያህሉ ፅንሱ ገና ሲጀመር የክሮሞዞም ቁጥሩ ተዛብቶ የተፈጠረ ነው። እንዲህ ያለውን ፕሮጄስትሮንም ሆነ መተኛት አያስቀረውም። ይህን የምነግርሽ፣ እግዚአብሔር ያስቀረውና፣ መድኃኒቱን በሥርዓት ወስደሽም ቢወርድ ራስሽን እንዳትወቅሺ ነው።

በነገራችን ላይ «የፕሮጄስትሮን መጠንሽን በደም እንለካ» ቢሉሽ ገንዘብሽን አታውጪ። መጠኑ በሰዓታት ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ዝቅ ብሎ ሲገኝም ብዙ ጊዜ እርግዝናው ቀድሞ ስለተዳከመ ነው እንጂ እሱ አዳክሞት አይደለም።

ስለ መጠኑ አንድ ነገር አስተውያለሁ። የታዘዘልሽ 200 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ነው። ጥቅሙ በታየበት ጥናት ግን የተሰጠው 400 ሚሊግራም ጠዋት፣ 400 ሚሊግራም ማታ ነበር። አንቺ በራስሽ እጥፍ እንዳታደርጊው። ግን ነገ የሚያይሽን ሐኪም «ለምን 200 ሆነ?» ብለሽ ጠይቂ። 400 ከሆነ ባለ 200 ፍሬው በቀን አራት ነው፤ በሳምንት 28። ዋጋው ስለሚከብድ የወሩን ሁሉ ባንዴ አትግዢ። እስከሚቀጥለው አልትራሳውንድ የሚበቃሽን ብቻ ግዢ፤ የልብ ምቱ ከታየ ትቀጥያለሽ። ፅንሱ እንዳልቀጠለ በእርግጠኝነት ከታወቀ ግን መድኃኒቱ ይቆማል፤ መቀጠሉ ማህፀኑ በራሱ እንዳይጸዳ ከማዘግየት በቀር አይጠቅምም።

ፋርማሲ ስትገዢ ስሙን አንብቢ። አንዳንዴ «ይኸም ያው ነው» ተብሎ ዳይድሮጄስትሮን፣ ዱፋስቶን የሚባለው፣ ይሰጣል። እሱ በአፍ እንዲዋጥ የተሠራ ሌላ መድኃኒት ነው። የሚያዙት ሐኪሞች ብዙ ናቸው፤ ጎጂ ነው አልልም። በአንቺ ዓይነት ሁኔታ ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው ግን በማህፀን በኩል የሚገባው ነው። ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትቀይሪ። ለውዝ የሚያስቆጣሽ ከሆነም ተናገሪ፤ አንዳንዱ ካፕሱል ውስጡ ያለው ዘይት የለውዝ ነው።

አንዳንዱ ካርቶን ላይ «በአፍ የሚዋጥ» የሚል ታያለሽ። ግራ አትጋቢ፤ ያው ካፕሱል በሁለቱም መንገድ ይሠራል። በአፍ ሲወሰድ ግን አብዛኛው ጉበት ላይ ይቀራል፣ እንቅልፍና ራስ ማዞርም ያመጣል። በማህፀን በኩል ሲገባ በቀጥታ ወደሚፈለግበት ይደርሳል። አገባቡ ቀላል ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጥፍርሽን አሳጥሪ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ ፍሬውን ጣትሽ እስከሚደርስበት ድረስ አስገቢው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ጋደም በይ። የማታውን ልትተኚ ስትይ አድርጊው። ጠዋት ስትነሺ ነጭ፣ ቅባት ቅባት የሚል ፈሳሽ ፓንትሽ ላይ ታያለሽ። ይህ የካፕሱሉ ዘይትና ሽፋን ነው፤ መድኃኒቱ ወጥቶ ቀረ ማለት አይደለም። ብዙ ሴቶች ይህን አይተው ሌላ ፍሬ ይደግማሉ፤ አትድገሚ። ስስ ሞዴስ ብታደርጊ ይበቃል። ደሙ ከበዛ ግን መድኃኒቱን አጥቦ ሊያወጣው ስለሚችል ለሐኪምሽ ንገሪ፤ በፊንጢጣ በኩል የሚሰጥም ዓይነት አለ። ጡትሽ ቢያብጥ፣ ሆድሽ ቢነፋ፣ ትንሽ ብታዛጊ የመድኃኒቱ ነው። የእርግዝናውም ሊሆን ይችላል።

ባቋርጠው ይወርድብኛል ወይ ላልሽው፣ አንድ ጊዜ ረስተሽ ብታልፊ አይወርድም። ስታስታውሺ አስገቢ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ደርሶ ከሆነ ያለፈውን ተዪው፣ ሁለት አታድርጊ። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ የእንግዴ ልጁ ራሱ ሆርሞኑን ያመርታል። ቢሆንም ጥናቱ የተሠራው እስከ 16 ሳምንት በመስጠት ስለሆነ የልብ ምት ከታየ እስከ 16 ሳምንት እንድትቀጥዪ እመክርሻለሁ። ሲያልቅ በአንዴ ማቆም ይቻላል፤ ቀስ በቀስ መቀነስ አያስፈልግም። ደሙ ስለቆመ ብቻ ግን አታቋርጪ።

ነገ ከሄድሽ አይቀር የደም ዓይነትሽን አሠሪ። ኔጌቲቭ ከሆንሽና ባለቤትሽ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በተለይ ደሙ ከበዛ ወይም ፅንሱ ከወረደ፣ ሰውነትሽ በኋላ የሚመጣውን ልጅ እንዳያጠቃ የሚሰጥ መርፌ አለ። ባለፉት ሁለት ጊዜ ይህ ተጠይቆ ነበር ወይ? ካልተጠየቀ አሁን ይጠየቅ። ሁለት ጊዜ ስለወረደብሽ ሌሎችም መታየት ያለባቸው አሉ። የታይሮይድ፣ የስኳርና የቂጥኝ ምርመራ፣ የማህፀንሽ ቅርጽ፣ ደም በቶሎ እንዲረጋ የሚያደርጉ ፀረ እንግዳ አካላት። የመጨረሻው ከተገኘ ሕክምናው አስፕሪንና ሄፓሪን የሚባል መርፌ ነው፤ ፕሮጄስትሮን ለዚያ አይሆንም። ፎሊክ አሲድ ካልጀመርሽ ዛሬውኑ ጀምሪ፤ በየጤና ጣቢያው በነፃ ይሰጣል።

ጅማ ሆኖ ቡና ተዪ ማለት ይከብዳል፤ አልልሽምም። አቦሉ ወፍራም ከሆነ አንድ ሲኒ፣ ቀጠን ካለ ሁለት ይበቃሻል። ቡናው ውስጥ የሚገባውን ጤና አዳም ግን እስክትወልጂ ተይው። በብዛት ሲወሰድ ማህፀንን ያኮማትራል፤ «ትንሽ ናት» የምትባለው ስንት እንደሆነች ደግሞ ሲኒ ላይ አይለካም። ጫትም እንዲሁ ይቅር። ከሆድ ያጸዳል፣ ፅንስ ያጸናል የሚባል የሥርና የቅጠል መድኃኒት ማንም ቢያመጣልሽ አትውሰጂ። ትኩሳት ካለብሽ ብርድ ነው ብለሽ አትተኚ፤ የወባ ምርመራ አድርጊ። ወባ በራሱ ፅንስ ያስወርዳል። አጎበርሽን ዘርግተሽ ተኚ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሞዴስ የሚያረጥብ ደም በተከታታይ ለሁለት ሰዓት ከመጣ፣ ወይም ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ፣ እነዚህም እንደ ሆድ ውጋቱ ቀጠሮ አይጠብቁም፤ ወዲያው ሂጂ።

ነገ ስትሄጂ የመድኃኒቱን ካርቶን ይዘሽ ሂጂ። የመጨረሻ የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን ጻፊ፤ ያለፉት ሁለቱ በስንት ሳምንታቸው እንደወረዱና ያኔ የልብ ምት ታይቶ እንደነበርም ጨምሪ። ከዚያ የአልትራሳውንዱን ወረቀት አንብበሽ የፅንሱን ርዝመት በሚሊሜትር፣ የልብ ምት መኖር አለመኖሩንና የደም ዓይነትሽን እዚሁ ጻፊልኝ። መጠኑን ማስተካከል ያስፈልግሽ እንደሆነና ቀጣዩ አልትራሳውንድ መቼ ቢሆን እንደሚሻል ያን አይቼ እመልስልሻለሁ።